በግራዬ በኩል

ዓይን ሐኪም ዘንድ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ጠብታ ያደርጉባችኋል፤ ከዚያ ብሌናችሁ እስኪሰፋ ኮሪደር ላይ ያስቀምጧችኋል። ትንሽ ቆይቶ ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ፊቱ ይጠፋል። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ነጭ ወረቀት ብቻ ይሆናል። በመስኮት የሚገባው ብርሃን ዓይናችሁን በጥፊ ይለዋል። እኔ የመጀመሪያ ቀን ይህ መኖሩን ማንም አልነገረኝም ነበርና ነርሷን ጠርቼ «እንዴ! አሳወራችሁኝ እኮ!» ብዬ ጮህኩባት። ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀብኝ። ሁሉም እንደ እኔው ብሌናቸው ተበልጥጦ የተቀመጡ፣ ማን እንደጮኸ እንኳን ማየት የማይችሉ ሰዎች ነበሩ።

በሙያዬ አራሚ ነኝ። ማተሚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት በቀይ እስክሪብቶ ስህተት የሚለቅም ሰው ማለት ነው። ዕድሜ ልኩን የሰው ስህተት ሲፈልግ የኖረ ሰው ደግሞ ጠባዩ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። ባለቤቴ «አንተ እኮ ሰላምታም ታርማለህ» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም።

ስኳር የያዘኝ ከዚያ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ክኒኔን እውጣለሁ፣ ሻይ ያለ ስኳር እጠጣለሁ፤ ከዚህ በላይ ስኳር ከእኔ ምን ይፈልጋል ብዬ በሰላም እኖር ነበር። እግርህን ጠብቅ ያለኝ ሰው ነበረ። ዓይንህን ያለኝ ግን አልነበረም፤ ብሎኝ ከሆነም አልሰማሁትም። ከዚያ መስመሮቹ መሃል መሃላቸው ላይ ጎበጥ ማለት ጀመሩ። በመጀመሪያ መብራቱን ረገምኩ። ቀጥዬ ቀለሙን፣ ከዚያ ወረቀቱን። በመጨረሻ ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ላይ ከሚሸጡት መነጽር ገዛሁ። ጠዋት ጥርት አድርጎ ያሳየኝ መነጽር ከሰዓት በኋላ ያደናግረኛል። ሄጄ ተጣልቼ አስቀየርኩ። የተቀየረውም እንደዚያው ሆነ። ልጁ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ዕቃውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር።

«መነጽሩ አይደለም የሚለዋወጠው፣ አንተ ነህ» አለችኝ ባለቤቴ። «ስኳርህ ሲወጣና ሲወርድ ነው። ሂድና ታይ!»

ሄድኩ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ የኔ ልጅ ልትሆን የምትችል። አገጬን ማስደገፊያው ላይ አስቀምጣ፣ ያንን የሚያቃጥል ብርሃን እያዞረች ረዥም ጊዜ አየችኝ።  ስትጨርስ ወንበሯን ወደኔ ጠጋ አደረገች።

«ከዓይንዎ ጀርባ ያሉት ደም ስሮች በስኳሩ ተጎድተዋል» አለች። «ሁለቱም ዓይን ላይ አለ። ግራው ግን ብሶበታል። አዳዲስ ቀጫጭን ስሮች አብቅሏል።»

«ማብቀሉ ጥሩ አይደለም?» አልኳት። አይ እኔ!

«አይደለም። እነዚህ ደካማ ናቸው፤ በቀላሉ ይበጠሳሉ። ከተበጠሱ ደሙ ዓይንዎ ውስጥ ነው የሚፈሰው። ያኔ መጋረጃ እንደወረደ ይቁጠሩት። ሳይበጠሱ በሌዘር ልናከስማቸው ይገባል።»

ለምን እንዳላመመኝ ጠየቅኳት። ይኼ በሽታ አያምም አለችኝ፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚያ ነው፤ ስኳር ያለበት ሰው ደህና አያለሁ ቢልም እንኳ በየዓመቱ ዓይኑን መታየት ነበረበት አለችኝ። በየዓመቱ! እኔ በየዓመቱ የማደርገው ነገር ቢኖር ቤት ኪራይ ሲጨመርብኝ መጨቃጨቅ ነበር። የሌዘሩ ተራ ብዙ ሰው ስላለበት ቀጠሮዬ ከገና በፊት ባለው ሳምንት ላይ ወደቀ። እስከዚያው ስኳሩን መጠበቅ፣ የደም ግፊቱን መጠበቅ። ልወጣ ስነሳ ደግማ ጠራችኝ።

«ከባድ ነገር እንዳያነሱ። እንዳይሸከሙ። ሽንት ቤት እንኳን ሲቀመጡ አያምጡ። የሚያስጨንቅ ጉልበት ሁሉ እነዚያን ስሮች ሊበጥሳቸው ይችላል።»

«የኔ ልጅ» አልኳት እየሳቅሁ፣ «እኔ ከእስክሪብቶ የከበደ ነገር ተሸክሜ አላውቅም።»

እሷ አልሳቀችም።

ባለቤቴ ያስያዘችኝን የራሷን ጥቁር መነጽር አድርጌ ወደ ሰበታ የሚሄድ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። የምኖረው ፉሪ ነው፤ ከተማውና ገጠሩ ገና ድንበራቸውን ያልተካፈሉበት ኮረብታ ላይ። ያን ሰሞን በማስተር ፕላኑ ሰበብ አገሩ እየተናጠ ነበር። አዲስ አበባ ዙሪያዋን ያሉትን ከተሞችና የገበሬ መሬቶች ልትጠቀልል ነው ተብሎ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ጫንጮ ወጣቱ መንገድ ይወጣል፤ መንገድ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚሆነው ይሆናል። እኔ ስለዚህ ሁሉ የማውቀው የታክሲ ወሬ ነበር። በዚያን ቀን ግን መሃሉ ገባሁ፤ ያውም ምንም በማላይበት ሰዓት።

ታክሲው ድንገት ቆመ። ጩኸት ሰማሁ፣ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የመስታወት ስብርባሪ ጭኔ ላይ ረገፈ። «ዝቅ በሉ!» አለ ረዳቱ። የት ነው ዝቅ የሚባለው? ለእኔ ዓለሙ በሙሉ ነጭ ነው። ከነጩ ውስጥ ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የጎማ ሽታ አለ፤ ከጭሱ ፊት ለፊት ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አጣምረው ያነሱ ሰዎች ጥላ ብቻ ይታየኛል። ሰው ሁሉ በር በርግዶ ሲወጣ እኔ መቀመጫዬን ጨብጬ ቀረሁ። ፈራሁ። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ! በዚህ ይምጡ።»

በድምጹ አወቅሁት። የጎረቤቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የደረሰ፣ ትምህርት ተቋርጦ ቤቱ የመጣ። በባሕር ዛፉ መሃል፣ በሽንብራው ማሳ ዳር እየመራ ወሰደኝ። ጉድጓድ ሲኖር «ይዝለሉ» ይላል፤ እዘላለሁ። ከበሬ ጋር የተጋጨሁ ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። ቤቴ በር ላይ ሲያደርሰኝ «ጋሼ፣ መነጽሩ ያምርቦታል። የሴት ባይሆን ኖሮ እወስደው ነበር» አለኝ። ፍርሃቴን እንኳን ረሳሁት። ልጁ ወደ አስፋልቱ ተመልሶ ሄደ።

ስለ አባቱ ልንገራችሁ። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ ኦቦ ብቻ እላቸዋለሁ፤ ሰፈሩም የሚያከብራቸው በዚሁ ነው። ቤቴ የቆመው በእሳቸው ማሳ ላይ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ኪራይ አንገፍግፎኝ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እሳቸው አያት ቅድመ አያታቸው እዚያው ኮረብታ ላይ ያረሱ። ከኑሮ ጭንቀት መሬታቸውን እየቆረጡ ለእኔ ቢጤዎች ሸጡና፣ ከአጥሬ በስተጀርባ ሽንብራና ጤፍ የምታፈራ አንድ ቁራጭ ቀረቻቸው። ጠዋት ጠዋት በአጥር ላይ «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ እንዴት አደርክ ሲሉ። እኔም በተሰባበረ ኦሮምኛ እመልሳለሁ፤ ይስቁብኛል፤ እኔ ደግሞ አማርኛቸውን አርማለሁ። ማስተር ፕላኑ የመጣ ጊዜ ግን ሳቁ ቀነሰ። እሳቸው የቀረችውን ቁራጭ ይወስዱብኛል ብለው ይፈራሉ። እኔ ካርታ የሌለውን ቤቴን ያፈርሱብኛል ብዬ እፈራለሁ። ሁለታችንም በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ቆመን የምንፈራው አንድ ነገር ነበር፤ ለወጣቱ ግን ያ የሚፈራው ነገር እኔው ነበርኩ፣ ቀድሞ የደረሰ። ይህንን ማንም በአፉ አልነገረኝም። ሲያልፉኝ ሰላምታቸው እያጠረ ሲሄድ ገባኝ።

በዚያ መሃል እኔ የምጠብቀው የሌዘሩን ቀን ብቻ ነበር። አንድ ዓይኔን በእጄ እየሸፈንኩ ሌላውን እፈትናለሁ። ሰበታ ከተማ ስወርድ ነጭ በትር ይዘው ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚሄዱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ፤ ሁሌም የማያቸው፣ መንገድ ለቅቄላቸው የማልፋቸው። ያን ሰሞን ቆሜ አያቸው ጀመር። በትሩን እንዴት እንደሚይዙት፣ የመንገዱን ጠርዝ እንዴት እንደሚያገኙት። አንድ ቀን ባለቤቴ ደረሰችብኝና «ምን ታያለህ?» ብትለኝ «ምንም» አልኳት። እጄን ይዛ ወሰደችኝ። እሷም ገብቷታል።

ቀጠሮው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ታክሲ ስላልነበረ ቤቴ ነበርኩ። ረፋዱ ላይ ከአስፋልቱ በኩል ተኩስ ተሰማ። መጀመሪያ የመኪና ጎማ የፈነዳ መስሎኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ከአጥሬ ጀርባ አንድ የሴት ጩኸት ወጣ። ባለቤቴ ነጠላዋን ሳትይዝ በሩጫ ወጣች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ጩኸቱ ከየት ቤት እንደመጣ አውቄያለሁ፤ ማን እንደሆነም ማንም ሳይነግረኝ አውቄያለሁ። አስፋልቱ ዳር፣ ያን ቀን እኔን ከታክሲ ካወጣበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ ነው የወደቀው።

ቀብሩ በማግስቱ ተባለ። በሦስተኛው ቀን የኔ ሌዘር ነው።

ከአዲስ አበባ የወጣን ሰዎች ሰፈሩ ውስጥ ብዙ ነን፤ ያን ቀን ግን የብረት በሮች ሁሉ ተዘግተው ዋሉ። ፈርተዋል። በፍርሃታቸው አልፈርድባቸውም፤ ንዴቴ ግን እስካሁን አልበረደም። የሰው ልጅ ሞቶ በር ይዘጋል? ባለቤቴ ልብሴን እያቀበለችኝ «ሂድ፣ ቁም፣ አልቅስ። ግን እንዳትሸከም!» አለችኝ። «በእመብርሃን፣ ነገ ሌዘር አለህ። እንዳትሸከም!»

«ብሸከም ዓይኔን ግንባር ያርገው» አልኳት።

በየቀኑ የምምላት መሐላ ናት። አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ የሚምላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ከአፌ ወጥታ አታውቅም።

አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ የዕድሜ እኩዮቹ ነበሩ የተሸከሙት። እያለቀሱ፣ እየጮኹ፣ በሩጫ ይዘውት ሊሄዱ ሲሉ ሽማግሌዎች አረጋጓቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው ከኮረብታው ጫፍ ነው፤ መንገዱ ዳገት ነው። ዳገቱ ሥር ሲደረስ ተሸካሚ ለመቀየር ሳጥኑ ቆመ። እኛ በር ያልዘጋነው ጥቂት መጤዎች ከሰልፉ ጭራ ላይ ተሰብስበን ነበር። ከዘመዶቹ አንዱ፣ የማላውቀው ጎልማሳ፣ ዘወር ብሎ አየንና ድምጹን ሳያሰማ ማለት ይቻላል «ኢሳኒስ ሃ ባታን» አለ።

እነሱም ይሸከሙ።

ኦሮምኛዬ ተሰባብሮም ቢሆን ለዚህች ይበቃል። ባልገባኝ ብዬ የተመኘሁት ያኔ ነው። ሰው ወደ እኛ ዞረ። ምን ይባላል? ስኳር አለብኝ ይባላል? ነገ ቀጠሮ አለኝ ይባላል? አንድ ልጅ በሳጥን ተኝቶ ስለ ዓይን ይወራል? ከሴቶቹ መሃል ባለቤቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች፤ ራሷን በቀስታ ትነቀንቃለች። ኦቦ በሁለት ሰው ተደግፈው ቆመዋል። ዘወር አሉና አዩኝ። አልለመኑኝም፣ አላዘዙኝም። አዩኝ ብቻ። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ የማስበው ክንዴን የያዘውን እጅ ነበር፤ ይዝለሉ ጋሼ ያለኝን። ያ እጅ ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ሄጄ ግራ ትከሻዬን ከሥሩ አገባሁ።

ሰው ይህን ያህል ይከብዳል? ዳገቱን ጀመርን። ጥርሴን ነክሼ፣ ትንፋሼን ይዤ ገፋሁ። አጋማሹ ላይ በግራ ዓይኔ ፊት አንዲት ጥቁር ክር መጥታ ተንሳፈፈች። የነጠላ ክር መስላኝ በእጄ ገፋኋት። አልሄደችም። ሌላ መጣች። ከዚያ እንደ ጭስ ያለ ነገር ከታች ወደ ላይ ተነሣ፤ ጎማ የሚቃጠል መስሎኝ አሽተትኩ፤ ምንም ሽታ የለም። ጭሱ ቀላ፤ ወፈረ። ያኔ ገባኝ። ሐኪሟ ያለችው መጋረጃ ወረደ።

ትከሻዬን ማውጣት እችል ነበር። ከኋላዬ የሚቀበል ሰው አለ። አላወጣሁትም። ለምን እንዳላወጣሁ እስካሁን ራሴን እጠይቃለሁ፤ መልሱ ለእኔም አጥጋቢ አይደለም። የሆነ ሆኖ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ይዤው ገባሁ፤ ጸሎቱ ሲደረስ ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፍኜ ቆምኩ። ሰው አየኝ። «አቤት፣ እንዴት አድርጎ አለቀሰለት!» ሲሉ ሰማኋቸው። አንዲት አሮጊት መጥተው ጀርባዬን ደባበሱኝ። ከዚያን ቀን በኋላ በሰፈሩ ሰላምታ አጥሮብኝ አያውቅም።

በማግስቱ መንገድ ተዘጋ። በሚቀጥለውም ቀን አልተከፈተም። ባለቤቴ ትራስ ደራርባ ተደግፌ እንድተኛ አደረገች፤ ደሙ ወደ ታች እንዲዘቅጥ ነው ብሎ በስልክ የነገራት ሰው ነበር። ምንም አላለችኝም። ምነው በተናገረችኝ! ሽሮዬን እየሠራች፣ ስኳሬን እየለካች፣ ዝም። አንድ ጊዜ ብቻ ልብስ ስታጥፍ ሸሚዜን ይዛ ተቀምጣ ስታለቅስ ደረስኩባት። ግራ ትከሻው ላይ ከሳጥኑ የነካው አቧራ ነበረበት።

መንገዱ ሲከፈት ሄድን። ሐኪሟ ግራ ዓይኔን አየች፤ ደጋግማ አየች።

«ከባድ ነገር ተሸክመዋል?»

«አዎ።»

«ምን ተሸከሙ?»

«ሰው» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልትቆጣኝ ነበር፤ ከንፈሯ ላይ አይቼዋለሁ። ከዚያ ከየት እንደመጣሁ ካርዴ ላይ አየች መሰል፣ ቁጣዋን ዋጠችው። በደሙ ምክንያት የግራውን በሌዘር ማግኘት አይቻልም ነበር። የቀኙን ጀመረችው። አገጬን አስደግፌ፣ ያ አረንጓዴ ብልጭታ እንደ ካሜራ ቦግ ቦግ ሲል፣ አንዳንዱ ከዓይኔ አልፎ ማጅራቴን ሲወጋኝ፣ አንድም ጊዜ አልተነቃነቅሁም። ደጋግሜ እየተመላለስኩ ቀኙ ተረፈ። የግራው ደም ይጠራል ተብሎ ተጠበቀ። ትንሽ ጠራ፤ መልሶ ደማ። በመጨረሻ ሬቲናው ከቦታው ተነቀለ አሉኝ። ጊዜው አልፏል አሉኝ። በዚያች ዓይኔ አሁን የሚታየኝ ብርሃንና ጨለማ ነው፤ እሱም ሲቀናኝ።

ማተሚያ ቤቱ አልጣለኝም። ቀን ላይ፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ ሲመጣ ይሰጠኛል። የሚያመልጠኝ ስህተት ግን በዛ፤ ዱሮ እኔ የምስቅባቸው ዓይነት ስህተቶች። ያናድደኛል። ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ይፈሳል፣ በግራዬ ከሚመጣ ሰው ጋር እጋጫለሁ፣ ሰው ናቀኝ ብሎ ይቀየመኛል። ያን «እነሱም ይሸከሙ» ያለውን ሰውዬ ስንት ቀን በልቤ ተጣልቼዋለሁ! ከዚያ ደግሞ እሱ የቀበረው የወንድሙን ወይም የአጎቱን ልጅ ነው፤ በማን ላይ ልቆጣ? የተኮሰውን አላውቀውም። በር ዘግተው የዋሉት ዓይናቸው ጤነኛ ነው። ቁጣዬ መቀመጫ አጥቶ ከእኔ ጋር አለ።

ለኦቦ አልነገርኳቸውም። ባለቤቴንም እንዳትናገር አስማልኳት። ስኳሬ ነው ያልኩት ለሰፈሩ፤ ውሸትም አይደለም። ማስተር ፕላኑ ቀርቷል የተባለ ጊዜ ኦቦ በአጥሩ ላይ ቆመው ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ሰሙና «እንግዲህ መሬቷ ተረፈች» አሉኝ። «ማን ያርሳታል?» አሉ ቀጥለው። ያን ዓመት ጦም አደረች።

ከዚያ እሳቸው መክሳት ጀመሩ። ውሃ በማሰሮ ይጠጣሉ። ሰው ሁሉ ሐዘን ነው አለ። ወደ ጤና ጣቢያ የወሰዷቸው ሲዝለፈለፉ ነው፤ ስኳር ተባለ። «ድንጋጤው ነው ያመጣባቸው» ተባለ፤ በእኛ አገር ስኳር ሁሌም ከድንጋጤ ነው የሚመጣው። ክኒን ተሰጣቸው፤ ዋጡ፤ በቃ። አንድ ጠዋት ግን በአጥሩ ላይ ስናወራ የላማቸውን ገመድ ከችካሉ ጎን አየሩ ላይ ሊያስሩ ሲሉ አየሁ። ደግመው ሞከሩ። 

«ኦቦ፣ ዓይንዎን መታየት አለብዎት» አልኳቸው።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«እስኪሆን አይጠበቅም። አያምም እኮ! እኔ የማውቀውን ልንገርዎ፤ ነገ አብረን እንሂድ።»

ሳቅ ብለው እጃቸውን አወናጨፉ። ሌላ ቀን አነሳሁባቸው፤ ዘሩ ይድረስ አሉ። ሌላ ቀን፣ አጨዳው ይለፍ አሉ። የሚዘራም የሚታጨድም የላቸው። በመጨረሻ ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን ሳለን ክፉኛ ስጨቀጭቃቸው፣ ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ዓይኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉኝ። «ያየሁት ይበቃኛል። ዓይን የሚያስፈልገው እንዳንተ ላለ፣ የሚያየው ላለው ነው።»

ደሜ ፈላ። በሽማግሌ ላይ መጮህ ነውር ነው፤ ጮህኩ። «እንዳንተ? እንደኔ ነው ያሉት?» እጃቸውን ይዤ በቀኝ ዓይኔ ላይ አስቀመጥኩት። «ይኸው ይሸፍኑልኝ። አሁን አላይዎትም። የት እንዳሉ አላውቅም። ይኸው ነው እንደኔ!»

እጃቸው ፊቴ ላይ ቆየ። መዳፋቸው ሸካራ ነው።

«ስኳር ነው አላልክም ወይ?» አሉኝ።

«ስኳር ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

መመለስ ነበረብኝ፤ ከዚህ ቀደም ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እጄ ግን ሄዶ ግራ ዓይኔን ሸፈነ፣ እንደ ቀብሩ ቀን። ባለቤቴ ከበሩ ውስጥ ቆማ ነበርና ስታለቅስ ተሰማች። ኦቦ እጃቸውን ከፊቴ አንስተው ወደ እሷ ዘወር አሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ፤ ከዚያ ወደ ግራ ትከሻዬ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አኖሩት።  ከዚያ ተነስተው ሄዱ።

በማግስቱ በጠዋት በሩ ተንኳኳ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። «እንሂድ» አሉኝ።

መንገዱን በሙሉ በግራዬ በኩል ሄዱ። ሰው ሲመጣ ከዘራቸውን ዘርግተው ይከለክሉልኛል። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ጠብታው ሲደረግባቸው እኔ ቀድሜ ነግሬያቸው ስለነበር አልደነገጡም። ያቺው ሐኪም ነበረች። ብዙ አየቻቸው። ጉዳት አለ፣ ግን ገና ነው አለች፤ ስኳሩን ከጠበቁና ክትትሉን ካላቋረጡ ይተርፋል አለች። እኔ ደስታዬ ገንፍሎ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። እሳቸው ግን «እሺ» ብቻ አሉ፤ እንደታዘዘ ሰው።

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ በግራዬ፣ መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። በዚያ መንገድ ሲያልፉ ልጃቸው የወደቀበት ቦታ ሲደርሱ ሁሌም ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ያን ቀን ጋቢውን አልነኩትም። ብሌናቸው ሰፍቶ፣ ዓይናቸው ተከፍቶ፣ ወደ ውጭ ዞረው ነበር። የሚያዩት ብርሃን ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ስንደርስ ንገረኝ» አሉ በቀስታ። «ዛሬ ፊቴን አላዞርበትም።»

እሺ አልኳቸው። አንገቴን አዙሬ፣ በእሳቸው ትከሻ ላይ አልፌ ለማየት እየታገልኩ ሄድኩ። ታክሲው ሮጠ። ሰው ወረደ፣ ሰው ወጣ። ረዳቱ የኛን ፌርማታ ሲጠራ ክው አልኩ።

«አልነገርከኝም» አሉኝ።

«አላየሁትም፣ ኦቦ» አልኳቸው። «በግራዬ በኩል ነበር።»

 በጉንጫቸው የወረደው ጠብታው ይሁን እንባ አላውቅም፤ አልጠረጉትም። ከዚያ ክንዴን ያዙኝና፣ እሳቸውም ሳያዩ፣ በግራዬ በኩል ሆነው ከታክሲው አወረዱኝ።